መጫወቻ የማያውቀውን የግቢ ውሻ ማሯሯጫ ማስለመድ

ማሯሯጫ የምንለው ረዘም ካለ ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ከሚወርድ ገመድና ገመዱ ላይ ከታሰረ ጨርቅ የሚሠራ መጫወቻ ነው። በውጭ ገበያ «ፍለርት ፖል» ይሉታል። ሰውየው መሀል ላይ ይቆማል፣ ጨርቁ መሬት ለመሬት ይሮጣል፣ ውሻው ይከተላል። ስድስት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ይበቃዋል። ውሻውን ይዞ ደጅ መሮጥ ለማይሆንለት፣ ገና ከበር ሲወጣ የሰፈር ውሻ ለሚከበው ሰው፣ በዚህ ወጪ ይህን ያህል የሚያደክም ሌላ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ አጀማመሩ ላይ ነው። ቀኑን ታስሮ ሌሊቱን ግቢ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ ማሯሯጫውን ሲያይ ወይ ፊቱን አዙሮ ይተኛል፣ ወይ ጭራውን ወሽቆ ጎጆው ይገባል። ባለቤቱም «የኛ ውሻ ጨዋታ አይወድም» ብሎ ዘንጉን ግድግዳ ያስደግፈዋል። ውሻው ግን ብዙውን ጊዜ የሸሸው ጨዋታውን ጠልቶ አይደለም። ዱላ አይቶ ነው።

ለምን ይሸሻል?

እዚህ አገር ያደገ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ እንደሚያነሳ፣ ክንድ ከፍ ሲል ዱላ እንደሚወርድ ያውቃል። በራሱ ላይ ባይደርስ በሌላው ላይ ሲደርስ አይቷል። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ዘንግ ይዞ ፊቱ ማወዛወዝ ለእንዲህ ያለ ውሻ ዛቻ ነው። በዚህ ጊዜ ማባበልና ስሙን ደጋግሞ መጥራት አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ዘንጉን ጭራሽ አለማውጣት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ በጨርቁና በገመዱ ብቻ ይሠራል። ዘንጉ የሚመጣው ውሻው ጨርቁን ማሳደድ ከወደደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ውሻ የሚያሳድደው ከእሱ የሚሸሸውን ነገር ነው፤ ወደ እሱ የሚመጣውን ግን ወይ ይሸሸዋል ወይ ይጋፈጠዋል። ሰው ደግሞ ውሻው እንዲያይለት ብሎ መጫወቻውን አፍንጫው ድረስ ወስዶ ያወዛውዝበታል። አይነ አፋር ውሻ ወደ ኋላ ይላል፣ ሰውየው ይከተለዋል፣ ውሻው ይብስበታል። ከሁሉም የሚዘወተረው ስሕተት ይኸው ነው።

ሦስተኛው፣ ጫማ በማኘኩ ወይም ዶሮ በማባረሩ ሲቀጣ ያደገ ውሻ የሰው ዕቃ በአፍ መንካትም፣ የሚሮጥ ነገር መከተልም እንደማይፈቀድ ተምሯል። ጨርቁን አይቶ ወዲያው ወደ እርስዎ ቀና ብሎ የሚመለከት ከሆነ ፈቃድ እየጠየቀ ነው፤ ፈቃዱን ቁጣ በሌለበት ድምፅና በጉርሻ ይስጡት።

አሠራሩ

ከ15 እስከ 25 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 1 ሜትር ከ20 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 25 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ይግዙ። ከዚህ የቀጠነው ውሻው ሲጎትት ይለምጣል፤ የወፈረው ደግሞ ክንድ ያዝላል። ለትንሽ ውሻ 80 ሳ.ሜ. ይበቃል። ቀጥ ያለ የቀርከሃ ወይም የባሕር ዛፍ ዘንግም ይሆናል፣ ነገር ግን ዱላ የሚፈራ ውሻ እንጨቱን ከነጭ ቧንቧ ይልቅ ቶሎ ስለሚያውቀው ቧንቧው ይመረጣል። የተቆረጠውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። አዲስ ቧንቧ ስለሚሸት አጥበው አንድ ሌሊት ደጅ ያሳድሩት።

ገመዱ 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ የተጎነጎነ ናይሎን ወይም ጥጥ ይሁን፤ 3 ሜትር ከ20 ያህል ይግዙ። በቧንቧው ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፉት። በመያዣው በኩል ጣት የሚያህል፣ አራት ሳ.ሜ. ርዝመት ያለው እንጨት ከቧንቧው አፍ ውጭ አግድም አድርገው ገመዱን ያስሩበት፤ ውሻው በሙሉ ኃይሉ ቢጎትትም እንጨቱ በቧንቧው ቀዳዳ ስለማያልፍ ገመዱ አያመልጥም። በላይኛው ጫፍ፣ ልክ ከቧንቧው ሲወጣ፣ ሌላ ቋጠሮ ይቋጥሩበትና በናስትሮ ይጠቅልሉት። ለልምምዱ ከዘንጉ ውጭ የሚቀረው ገመድ 1 ሜትር ከ50 ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ ካጠረ ውሻው ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይጋጫል፣ ከረዘመ ደግሞ ጨርቁን በፈለጉት ቦታ ማዋል ያቅታል።

ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ወይም ከሌላ ላስቲክ ገመዱን መሥራት ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ሲጎተት ይለሰልሳል። ዳሩ ግን ውሻው ድንገት ሲለቀው ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ይቅር። ሲባጎም እንዲሁ አይሆንም፤ እግር ላይ ሲጠመጠም ይቆርጣል።

ለጨርቁ አሮጌ ፎጣ ወይም የጥጥ ቲሸርት ይፈልጉ። 5 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 60 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ሦስት ቁራጮች አውጥተው እንደ ሹሩባ ይጎንጉኗቸው፣ ሁለት ላይ አጥፈው ገመዱ ላይ ያስሩ። ሁለት ወይም ሦስት አድርጎ መሥራት ይሻላል፤ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይቀደዳል። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ቃጭል ምንም አይጨመርበት። ሹራብ ክሩ ስለሚተረተር አይሁን፤ ውሻ የዋጠው ረጅም ክር አንጀቱን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። ውሻ ሰማያዊና ቢጫን ለይቶ ያያል፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታቱበታል። ሣር ላይ ቀይ ጨርቅ መጎተት ለእኛ እንጂ ለእሱ ጎላ ያለ አይደለም። ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ይምረጡ።

የተጎነጎነውን ጨርቅ ከልምምዱ በፊት ሁለት ሌሊት ከመኝታው ጨርቅ ጋር ያሳድሩት። የራሱን ሽታ የያዘ ነገር ብዙም አያስደነግጠውም። ስጋ ወይም ቅቤ መቀባት ግን አይመከርም፤ ውሻው ሳያሳድደው ቁጭ ብሎ ይበላዋል።

ጉርሻው

ደረቅ እንጀራ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በየቀኑ የሚያገኘው ነገር ነው። የተቀቀለ የከብት ጉበት ጥሩ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ያለ ጨውና ያለ ቅመም ይቀቅሉት፣ ሲበርድ በሽምብራ ልክ ይክተፉት። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 30 ግራም ይበቃል፤ ከበዛ ሆዱን ያላላዋል። አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዶሮም ይሆናል። ከወጥ የተረፈ ሥጋ ሽንኩርት ስላለበት አይሰጥም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው።

ጥሬ ጉበትና ሳንባ፣ በተለይ በዓል ሲታረድ ከግቢ ለውሻ የሚወረወረው፣ ሌላ አደጋ አለው። በግና ከብት ውስጥ ውኃ እንደ ቋጠረ ከረጢት የሚታየው በሽታ ጥሬውን በበላው ውሻ አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ ከውሻው የወጣው እንቁላል ደግሞ ሰው ላይ ያንኑ የውኃ ከረጢት ያወጣል። ስለዚህ ጉርሻው ሁልጊዜ የበሰለ ነው፤ ከተጫወቱም በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ልምምዱን ውሻው ሲርበው፣ ከዋናው ምግቡ በፊት ያድርጉ። ካበቃ በኋላ ምግቡን ለመስጠት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። በልቶ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይለፈው። ይህ በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ላለ ደረቱ ጥልቅ ለሆነ ትልቅ ውሻ ነው፤ እንዲህ ያሉት ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋ አለባቸው፣ ያም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ጨርቁ ብቻ

ሰንሰለቱን ይፍቱለት። የታሰረ ውሻ ላይ ማሯሯጫ በፍጹም አይሞከርም፤ እየሮጠ ሰንሰለቱ ጫፍ ሲደርስ አንገቱ ይቀጫል። ሲፈታም ወዲያው አይጀምሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ግቢውን ይዙር፣ ይሽና፣ ያሽትት። የግቢው በር መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ዶሮዎች ካሉ ወደ ቤታቸው ይግቡ።

ገመድ ያልታሰረበትን ጨርቅ ከውሻው ሁለት ሜትር ርቆ መሬት ላይ ያኑሩት። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎንዎን ሰጥተው ይቁሙ። ዝም ይበሉ። ጨርቁን ባየው ቅጽበት «ጎበዝ» ብለው ጉርሻ ከጨርቁ አጠገብ ይጣሉለት። ቀጥሎ ማየት ብቻ አይበቃም፣ አንድ እርምጃ ይጠጋ። ከዚያ ያሽትት። ከዚያ በአፍንጫው ወይም በእጁ ይንካው፤ በመጨረሻ በአፉ ያንሳው። አሥር ጉርሻ ሲያልቅ ልምምዱ አለቀ፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። ጨርቁን አንስተው ከዓይኑ ይሰውሩት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ይበቃል።

መቼ ነው ወደሚቀጥለው መሄድ? ከአሥሩ ስምንቱን ያህል ጊዜ ሳያመነታ ሲነካው። ደፋር ቡችላ ይህን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፣ የተመታ ውሻ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ከንፈሩን እየደጋገመ የሚልስ፣ ሳይደክመው የሚያዛጋ፣ የዓይኑ ነጭ የሚታይ፣ ሰውነቱን ወደ ኋላ አድርጎ አንገቱን ብቻ የሚያስረዝም ውሻ እየፈራ ነው፤ ጨርቁን አንድ ሜትር ያርቁለትና ቀድሞ ወደተመቸው ደረጃ ይመለሱ።

ገመዱ፣ ከዚያ ዘንጉ

አሁን ሁለት ሜትር ገመድ ያስሩበት፤ ዘንግ አሁንም የለም። ጀርባዎን ለውሻው ሰጥተው ጨርቁን እየጎተቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሂዱና ይቁሙ። ጨርቁም ይቆማል። ከተከተለና በአፉ ከያዘው አይጎትቱበት፤ ይያዘው፣ ያራግፈው፣ ይኩራራበት። ለዚህ ውሻ መያዝ ማለት ማሸነፍ ነው፣ ያሸነፈ ደግሞ ነገም ይመጣል። ካልተከተለ ወደ እሱ አይመለሱ። የዛፍ ቅጠል የረገፈበት ቦታ ካለ ጨርቁን እዚያ ላይ ስንዝር ያህል ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ ያድርጉት፤ ከእንቅስቃሴው ይልቅ ኮሽታው የሚስበው ብዙ ውሻ አለ።

ገመዱን በደስታ ሲከተል ዘንጉን ለብቻው ያስተዋውቁት። መሬት ላይ ተኝቶ፣ ጉርሻ በርዝመቱ ዳር ዳር ተበትኖ፣ ውሻው እየዞረ ይልቀም። በሌላ ጊዜ ዘንጉን እንደ ምርኩዝ ጫፉን መሬት አስነክተው ይዘው ግቢ ውስጥ ይንጎራደዱ፤ በየጥቂቱ ጉርሻ ይጣሉ። ውሻው ዘንጉን ማየቱን ከተወ ጨርቁን ያገናኙበትና ያንኑ ጀርባ ሰጥቶ መጎተት በዘንጉ ይድገሙት። የዘንጉ ጫፍ ከጉልበትዎ በላይ አይውጣ። ይህ ደንብ ለፍርሃቱ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ከፍ ሲል ጨርቁ ይነሳል፣ ጨርቁ ሲነሳ ውሻው ይዘላል፣ እየተጠማዘዘ ዘሎ የሚያርፍ ውሻ ጉልበቱንና ወገቡን ይጎዳል።

እንዴት ይንቀሳቀስ?

ጨርቁ ከአፉ አንድ ሜትር ያህል ቀድሞ ይሂድ። በጣም ከቀደመ ውሻው ተስፋ ቆርጦ ይቆማል፤ በጣም ከቀረበ ሩጫ የለም። ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ሰፋ አድርጎ ይታጠፍ፣ ቀስ ይበል፣ ከግንድ ወይም ከአበባ ጀርባ ይሰወር፣ ድንገት ይውጣ። እንደ ሰዓት ቆጣሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞሩ ማሮጥ ውሻውን ያሰለቻል፣ እርስዎን ያዞራል፣ የአንድ ጎኑን እግር ደግሞ አለልክ ይጭናል። ሁለት ዙር ወደ ቀኝ ከሄዱ ሁለት ወደ ግራ። ድንገተኛ አጭር መታጠፍ የኋላ እግር ጉልበት ጅማት ይበጥሳል፣ በተለይ ከባድና ወፍራም ውሻ ላይ።

በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ሦስት ሩጫው አንዴ ይያዝ። ከለመደ በኋላ በየአምስት ስድስቱ። ፈጽሞ ሳይዝ የሚሮጥ ውሻ አንድም ይተወዋል፣ አንድም ብስጭቱ ያይልና የእርስዎን ሱሪ ይይዛል።

ልቀቅ

ሩጫውን ሲወደው ማቆሚያውን ማስተማር ይጀመራል። ጨርቁን ይዞ ሳለ ገመዱን ያላሉት፣ ዘንጉን መሬት ያኑሩትና በሁለት እጅዎ ገመዱን ከጨርቁ አጠገብ ጉልበትዎ ላይ አጥብቀው ይያዙት። ጨርቁ ይሙት፤ የማይንቀሳቀስ ነገር መያዝ ደስታው ያልቃል። ጉርሻ አፍንጫው አጠገብ ያምጡ። አፉን ሲከፍት «ልቀቅ»፣ ለሴት ውሻ «ልቀቂ»፣ አንዴ ብቻ ይበሉና ጉርሻውን ይስጡ። ሁለት ሰከንድ ቆይተው ጨርቁን እንደገና ያስሩጡት። ውሻው የሚማረው መልቀቅ ጨዋታውን እንደሚመልስለት ነው፤ ይህን ካወቀ በኋላ ጉርሻውም እየቀረ ይሄዳል። ጨርቁን ከአፉ መንጠቅ ተቃራኒውን ያስተምራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አጥብቆ ይነክሳል ወይም ይዞት ጎጆው ሥር ይገባል።

ማስነሻ ቃልም ያስፈልጋል፤ «እንጫወት» ጥሩ ነው። «ያዝ» ወይም «ያዘው» ግን አይሁን። ይህ ቃል በየግቢው ውሻ ሰው ላይ ሲለቀቅ የሚባል ነው። የጨዋታ ቃል ካደረጉት አንድ ቀን ልጅ ለጨዋታ ብሎ እንግዳ ባለበት ይናገረዋል።

መጠኑ

መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ፣ በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ እየጨመሩ፤ ለጤነኛ ጎልማሳ ውሻ እረፍቱን ጨምሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ሩጫው ከ30 እስከ 40 ሰከንድ፣ እረፍቱም ቢያንስ የዚያኑ ያህል። አጭር ይመስላል፣ ነገር ግን ይህ የእግር ጉዞ አይደለም፤ በየጊዜው መነሳት፣ መብረር፣ መቆም ነው። ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ በማሰሪያ ያንሸራሽሩት።

ምላሱ ወደ ጫፉ ሰፍቶ ሲንጠለጠል፣ መታጠፊያ ላይ ሲዘገይ፣ ጨርቁ ሲያልፍ በዓይኑ ብቻ ሲከተለው ያቁሙ። ውሻው ራሱ እስኪተኛ መጠበቅ ስሕተት ነው። የሚያሳድድ ውሻ ድካሙን አይናገርም።

ቦታው ሣር ወይም ደረቅ አፈር ይሁን። ሲሚንቶና ኮብልስቶን መዳፉን ይልጣሉ፤ እርጥብ ሴራሚክ ደግሞ ያንሸራትታል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ 2፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቢሆን ደህና ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑም ሊቻል ይችላል፣ ድሬዳዋ ወይም አፋር ላይ ግን አይታሰብም፤ ዱባይና ሪያድ በሙቀቱ ወራት እንዲያውም ማታም አስፋልቱ ይፋጃል። የእጅዎን ጀርባ መሬቱ ላይ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካልቻሉ ውሻው እዚያ አይሩጥ። ፊታቸው ድፍጥ ያሉ ዝርያዎች በአፍንጫቸው በቂ አየር ስለማያገኙ ለእነሱ አንድ ደቂቃ ዝግ ያለ ጨዋታ ይበቃል።

ቡችላ አጥንቱ ሳይጠና ሩጫና መታጠፍ አይጫንበትም። ትንንሽ ዝርያዎች ዓመት ገደማ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላቸው ጨርቁን ቀስ ብሎ መጎተትና ማስያዝ ብቻ ይሁን። ያረጀ፣ የሚያነክስ ወይም ሲነሳ የሚያቃስት ውሻ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ማጠቃለያው ላይ ጨርቁን ሦስት ጊዜ ቀስ እያለ ያስሩጡት፣ በመጨረሻው ይያዝ፣ ያስለቅቁት፣ «በቃ» ይበሉና አንድ እፍኝ የማይሞላ ጉርሻ ሣር ላይ ይበትኑለት። እያሸተተ ሲለቅም ልቡ ይረጋጋል። ይህን የዘለለ ሰው ውሻው ከጨዋታው በኋላ በር ላይ ሲጮህ ወይም ሰው ላይ ሲዘል ያገኘዋል። ውኃ ይቅረብለት፣ ግን ጥቂት በጥቂቱ።

የማይሄድ ሲሆን

አንድ ቀን ተጫውቶ በማግሥቱ እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ የትናንቱ በዝቶበት ነው፤ ሥጋው ታሟል። ሁለት ቀን ያሳርፉትና በግማሹ ይመለሱ። ሁልጊዜ ገና ሳይጠግብ ማቆም ይህን ይከላከላል።

ጨርቁን ይዞ የሚሮጥ ውሻን አያሳድዱ፣ አሳድዶ ማግኘት የለም። ሁለተኛውን የተጎነጎነ ጨርቅ ከኪስ አውጥተው መሬት ላይ ያንቀሳቅሱ፤ የእሱ ጨርቅ የሞተ ነው፣ የእርስዎ ሕይወት አለው። ይመጣል።

ጨርቁን ትቶ ገመዱን ወይም ዘንጉን የሚነክስ ከሆነ ጨርቁ ዘገምተኛ ሆኖበታል ወይም ዘንጉ ከእሱ ጋር በጣም ተቀራርቧል። ክንድዎን ዘርግተው ዘንጉን ያርቁ፣ ጨርቁን ያወፍሩት።

ከጨርቁ ይልቅ እጅ ላይ ያለውን ጉርሻ ብቻ የሚያይ ውሻ አለ። ጉርሻውን ከእጅ ወደ ኪስ ይለውጡ፣ ጉርሻውም ሁልጊዜ ጨርቁ ባለበት ይረፍ እንጂ እግርዎ ሥር አይሁን።

ሁለት ውሾች ካሉ በየተራ፤ ሌላው ከዓይን ርቆ ይታሰር ወይም ክፍል ይግባ። ወንድማማች ቢሆኑም አንድ ጨርቅ ላይ ሁለት አፍ ጠብ ነው። ልጆች ደግሞ ዘንጉን የሚይዙት አዋቂ አጠገባቸው ቆሞ፣ ውሻውም «ልቀቅ»ን ካወቀ በኋላ ነው። ጥርስ ሳይታሰብ እጅ ላይ ቢያርፍና ቆዳ ቢቧጠጥ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ቢወስድም ይህ አይቀርም።

የበዓል ሰሞን ግቢ ውስጥ በግ ከታሰረ ማሯሯጫው ይቆይ። የማሳደድ ስሜቱ የተነሳ ውሻ ከጨርቁ ወደ በጉ ለመሻገር ብዙ አይቸግረውም።

ጨርቁን ከውሻው ጋር ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከፍ ያለ ሚስማር ላይ ይስቀሉት። ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ በየቀኑ የማያየው መጫወቻ አይሰለቸውም፣ ክርም አይውጥም። ጨርቅ ወይም ገመድ መዋጡን ከጠረጠሩ፣ የሚያስታውክና ምግብ የተወ ከሆነ፣ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ቢሾፍቱ አካባቢ ለሚኖር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ብቅ ብሎ ቢያዩ አይጎትቱት፤ ሌላው ጫፍ አንጀቱ ውስጥ የተጠመጠመ ሊሆን ስለሚችል ሲጎተት ይቆርጠዋል።

ሦስት ሳምንት በትዕግሥት ተሞክሮም ጨርቁ የማይገባው ውሻ ይኖራል። በተለይ ሥራው ማሽተት የሆነበትና ሩጫ የማይማርከው ውሻ። ጥርሱንና ዳሌውን አስመርምረው ደህና ከሆነ ዘንጉን ይተዉትና ያንኑ የጉበት ጉርሻ በአሮጌው ፎጣ እጥፋት ውስጥ ጠቅልለው ግቢው ውስጥ ይደብቁለት፤ መጀመሪያ እያየ፣ ኋላ ሳያይ፣ ቦታውንም እየቀያየሩ።